ከጅማ ወንበር እስከ መንዝ ባና፦ የጥር ወር የጉዞ ማስታወሻ

ማክሰኞ፣ ስድስት ኪሎ

ጊዜው ጥር 2011 ዓ.ም. ነው። ጥምቀት አልፏል፣ አገሩ ሰርግ በሰርግ ሆኗል። እኔና ታናሽ ወንድሜ ደግሞ የድሮ ወንበርና ስጋጃ ፍለጋ ልንዞር ነው። ወንድሜ አናጺ ነው። ቀኑን ሙሉ ቺፑድና ኤምዲኤፍ ሲቆርጥ የሚውል፣ የቁም ሳጥንና የኪችን ካቢኔ ሰው። እኔ አንድ ዕቃ ሳይ የማየው ማማሩን ነው። እሱ የሚያየው እንዴት እንደተሠራ ነው። ይዤው የወጣሁትም ለዚሁ ነው።

መጀመሪያ የገባነው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። ቤቱ የድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ ከ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ጃንሆይ ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት። ጎብኚው ሁሉ የንጉሡን መኝታ ቤት ለማየት ሽቅብ ይጣደፋል። እኛ ከገጠር የተሰበሰቡት ዕቃዎች ዘንድ ተገትረን ቀረን። በርጩማው፣ ብርኩማው፣ የእንጨት ገበታው። አብዛኛው በማን እንደተሠራ አይታወቅም። የነገሥታቱ ዕቃ የባለቤቱ ስም ተጽፎበታል፤ የገበሬው በርጩማ የመጣበት አካባቢ ስም ብቻ ነው ያለው።

ወንድሜ በርከክ ብሎ የበርጩማዎቹን ሆድ ከታች ማየት ጀመረ። ጥበቃው ምን እንደጠፋው ጠየቀው። «ከላይማ ማንም ያሳምረዋል» አለ ወንድሜ። «ሠሪው ማን እንደሆነ የሚታወቀው ከሥር ነው።» እውነቱን ነው። ከላይ የተቀባውና የለሰለሰው ለተቀማጩ ነው። ከሥር ግን የመጥረቢያው ምት እንዳለ ተቀምጧል። አንዳንዱ ምት እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ፣ እኩል እኩል ሆኖ ይወርዳል። ማንም ለማያየው ቦታ ይህን ያህል መጨነቅ ምን ይባላል?

ረቡዕ፣ መንገድ

ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማለዳ 11 ሰዓት ተነሣን። ወሊሶ ቁርስ፣ ወልቂጤ ሻይ። ከዚያ የግቤ ሸለቆ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሙቀቱ ጃኬት አስወለቀን፣ ዳገቱን ስንወጣ መልሶ አስለበሰን። ሰኮሩ፣ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ እያልን ጅማ ገባን። ወንድሜ ከግቤ በኋላ ተኝቶ ነው የደረሰው።

ሐሙስ፣ ጅማ ገበያ

የጅማ ትልቁ የገበያ ቀን ሐሙስ ነው። በርጩማው በቁልል በቁልል ተደርድሯል። ባለ ሦስት እግር፣ ባለ አራት እግር፣ ለሕፃን የምትሆን፣ ለቡና ማፍያ የምትሆን። ሴቶች እየተቀመጡ ይሞክራሉ። ሰርግ ያላቸው በአንዴ ሦስት አራት ይገዛሉ። ደስ ያለኝ ነገር፣ እዚህ በርጩማ የቱሪስት ዕቃ አይደለም። ሰው የሚገዛው ሊቀመጥበት ነው።

እኛ የመጣነው ግን ለጅማ ወንበር ነው። የማያውቀው ካለ ላስረዳ። መቀመጫው፣ ሦስቱ እግሮቹ፣ መደገፊያው ሁሉ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ወንበር ነው። ሚስማር የለውም፣ ኮላ የለውም፣ መገጣጠሚያ የሚባል ነገር የለውም። መደገፊያው ላይ አንዳንዴ ወንፊት መሳይ ቀዳዳ ይቀረጽበታል። ድሮ የባላባትና የሽማግሌ መቀመጫ ነበር።

ከገበያው ወጣ ብሎ አንድ ሽማግሌ ሥራ ላይ አገኘን። ግማሽ የተጠረበ ግንድ በእግራቸው ጣቶች ደግፈው ይዘው መሮ ያሳርፉበታል። ወንድሜ ሰላምታ ሰጥቶ ተጠጋና የባለሙያ ጥያቄውን ጀመረ።

«አባባ፣ እግሩን ለብቻው ሠርተው ቢያጣብቁት እንጨት አይቆጥብም?»

ሽማግሌው ቀና እንኳ አላሉም። «ምኑ ይጣበቃል? ዛፉ ራሱ ተጣብቆ ነው ያደገው።»

ወንድሜ ቀኑን ሙሉ ይህችን ንግግር ሲደጋግም ዋለ።

እንጨቱ ዋንዛ ነው። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመሮ ይታዘዛል፣ ሲለሰልስ ማር የመሰለ መልክ ያወጣል። በጅማ አካባቢ ለቡና ጥላ ስለሚሆን ገበሬው ማሳው ውስጥ ያሳድገዋል፤ ንቡም አበባውን ይወደዋል። ከመንግሥት ደን መቁረጥ ግን ክልክል ነው፤ በ1986ቱ የደን አዋጅ ከተጠበቁት አገር በቀል ዛፎች አንዱ ነበር። ሽማግሌው የሚሠሩበትን ከገበሬ እንደሚገዙ ነገሩን።

ግንዱ መጀመሪያ የሚጠረበው እርጥብ ሳለ ነው። ያኔ ለስላሳ ነው። ቅርጹ በደንዳናው ከወጣ በኋላ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በማያገኘው ቦታ ይቀመጣል። ፀሐይ ካገኘው ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይተረተራል። በደንብ ሲደርቅ መሮ እንደገና ያርፍበታል፤ ጌጡና ማለስለሱ ያኔ ነው። ሌላም ብልሃት አለ። የግንዱ ልብ፣ ያ መሐሉ ላይ ያለው እምብርት፣ መቀመጫው ላይ እንዳይወድቅ ይደረጋል። ስንጥቅ የሚነሣው ከልቡ ነውና። የእንጨቱ ጅማት ደግሞ ከመደገፊያው ጫፍ እስከ እግሩ ቁልቁል ይወርዳል። እግሩ ቀጭን ሆኖ ሳለ የማይሰበረው ለዚህ ነው። ወንድሜ ይህን በጣቱ እየተከተለ አሳየኝ። «እኔ ይህንን በብሎን ነው የማመጣው» አለ፣ ትንሽ ቅር ብሎት።

እግሩ ሦስት የሆነበትም ምክንያት አለው። የገጠር ቤት ወለል አፈር ነው፤ ጎርበጥባጣ ነው። አራት እግር ያለው ወንበር እንዲህ ያለ ወለል ላይ ይንገዳገዳል። ሦስት እግር የትም ቢያስቀምጡት ይረግጣል። እኔ ቤት ካለው የምግብ ጠረጴዛ እግር ሥር ስንት ጊዜ ካርቶን አጥፌ እንደወሸቅሁ ቤቴ የመጣ ሁሉ ያውቃል።

ከሰዓት በኋላ አንድ ነጋዴ ከጓዳው አሮጌ ወንበር አወጣልን። ይህኛው እውነተኛ አሮጌ ነበር። መቀመጫው ከሰው ብዛት ጎድጉዶ መስታወት መስሏል። የመደገፊያው ጠርዝ፣ እጅ የሚይዘው ቦታ፣ ጠቁሮ ወዝቷል። ከሥሩ ግን እንጨቱ አሁንም ደረቅና ገርጣ ያለ ነው። መቀመጫው አንድ ቦታ ተሰንጥቆ ነበር። ባለቤቱ አልጣለውም። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ በጋለ ብረት ቀዳዳ በስቶ በሽቦ ሰፍቶታል። የቀዳዳዎቹ አፍ ከሰል እንደሆነ ቀርቷል። ሽቦው ደግሞ የሚቀመጠውን ሰው ልብስ እንዳይዝ ጫፉ ወደ ታች ተቀብሯል። ወንድሜ ሽቦውን በጥፍሩ እየነካካ ብዙ ቆየ። «ይህን የሰፋው አናጺ አይደለም» አለ። «ወንበሩን የሚወድ ሰው ነው።»

እዚህ ላይ ስለ ሐሰተኛ አሮጌ ልናገር። አዲስ አበባ ውስጥ በጭስ ጠቁሮ፣ የጫማ ቀለም ተቀብቶ «የመቶ ዓመት ነው» እየተባለ የሚሸጥ ብዙ አለ። መለየቱ ከባድ አይደለም። እውነተኛ እርጅና ቦታ ይመርጣል፤ እጅ፣ መቀመጫና እግር የሚነካው ላይ ይበረታል፣ ማንም ያልነካው ላይ የለም። ሐሰተኛው ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ጥቁር ነው። ነጭ መሐረብ አርጥባችሁ ሥሩን እሹት። መሐረቡ ከጠቆረ ለመቶ ዓመት የሚጠየቀውን ዋጋ አትክፈሉ።

ዲሲ የምትኖር የአክስቴ ልጅ «አንድ አሮጌ ወንበር ገዝታችሁ ላኩልኝ» ብላ ነበር። እዚያው ቆሜ ደወልኩላት። አሮጌ ዕቃ ከአገር ለማውጣት ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ቅርስ ነው ከተባለ አይወጣም። በሻንጣ ሸሽጎ ቦሌ ላይ መያዝ አለ። እኔ ደግሞ ቢወጣም ደስ አይለኝም። «እንግዲያውስ አዲስ ይሁንልኝ» አለች። ለሽማግሌው አዲስ አዘዝንላት። እሳቸውም ቀብድ ተቀብለው «እንጨቱ ሲፈቅድ ይደርሳል» አሉን።

ዓርብ፣ ጅሬን

ጠዋት ሙዚየም፣ ከዚያ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ቤተ መንግሥቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ጅሬን ኮረብታ ላይ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1870 እስከ 1924 ዓ.ም. ገደማ ጅማን የገዙ ናቸው። ለምኒልክ በሰላም ገብተው፣ ግብር እየከፈሉ፣ አገራቸውን ከጦርነት ያተረፉ ብልህ ሰው።

ሕንጻው ባለ ፎቅ ነው፤ የእንጨት ሰገነቱ ዙሪያውን ይዞራል። በእንጨት ሥራ ለተጠመደ ሰው እንደ ትምህርት ቤት ነው። ወንድሜ የሰገነቱን ምሰሶዎች አንድ በአንድ እየዳሰሰ ስለዞረ አስጎብኚው ታሪኩን የሚነግረው ለእኔ ብቻ ነበር። ያየናቸው ሣንቃዎች አንዳንዶቹ ዘመዋል፣ ምስጥ የቀመሳቸውም አሉ። የእኔ አስተያየት፣ በየሙዚየሙ ውስጥ ከሚገኙት ዕቃዎች በላይ ይህ ሰገነት ጥንቃቄ ይገባዋል። ወንበር ቢበላሽ ዛሬም ጅማ ገበያ ውስጥ የሚሠራ እጅ አለ። እንዲህ ያለ ሰገነት የሚያቆም ሰው ግን ማንን ብለን እንጠራለን?

ቅዳሜ፣ ወልቂጤ

ስንመለስ ምሳ ለመብላት ወልቂጤ ወረድን። ክትፎው እንደ ስሙ ነው። ከምግብ ቤቱ ጀርባ ጂባ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ጂባ ከእንሰት የሚሠራ የጉራጌ ምንጣፍ ነው። ከእንሰቱ ቆጮው ይበላል፣ ቃጫው ገመድ ይሆናል፣ ይህ ደግሞ ይነጠፋል። አንድ ገዛን። እሑድን ቤታችን ገብተን ተኛንበት ማለት ይቻላል።

ሰኞ፣ ደብረ ብርሃን

ከላምበረት መናኸሪያ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከአውቶቡስ ስንወርድ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። የጥር ውርጭ ያረፈበት ሜዳ ነጭ ነው። ይህን ብርድ ያላየ ሰው የዚህን አገር ሽመና አይረዳውም። ቆላ ሰው ጥጥ ይፈትላል። እዚህ የበግ ፀጉር ነው። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለውም እዚሁ ነው።

እኛ የሄድነው በእጅ ስጋጃ ወደሚሠሩ ሰዎች ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የበግ ሽታው ከበሩ ይቀበላል። ድሩ የጥጥ ክር ነው፣ ከላይ እስከ ታች እንደ በገና አውታር ተወጥሯል። ማጉ በእጅ የተፈተለ የበግ ፀጉር ነው። ሠራተኛው ክሩን በጣቱ እያሳለፈ፣ አንድ መስመር በሞላ ቁጥር ጥርስ ባለው ብረት ቁልቁል ይቀጠቅጠዋል። ድው፣ ድው፣ ድው። ስጋጃው የሚጠነክረው በዚህ ምት ነው። በላላ ምት የተሠራ ስጋጃ በወሩ ይወላልቃል።

ቀለም የተነከረም አለ። ዓይኔ ያረፈው ግን ባልተነከረው ላይ ነው። ነጩ ከነጭ በግ፣ ጥቁሩ ከጥቁር በግ፣ ዳለቻውና ዳማውም እንደዚያው። ውኃ ቢነካው ቀለም የሚለቅበት ምክንያት የለም። አንዱ ስጋጃ ላይ ጥቁሩ ወጥ አልነበረም። እስከ ግማሹ ድረስ ጥቁር ሆኖ ይመጣና ከዚያ ወደ ቡናማ ያደላል። ሸማኔውን ስለሱ ጠየቅሁት።

«የመጀመሪያው በግ አለቀ» አለኝ። «ከዚያ ሌላ በግ ጀመርን።»

አንዳንድ ገዢ ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ዋጋ ያስቀንሳል። እኔ ያንኑ ገዛሁ። ወጥ ጥቁር ከፈለግሁ የማሽን ምንጣፍ መርካቶ ሞልቶልኝ የለ!

ስጋጃ ስትገዙ ገልብጡት። ሁለት ቀለም ጎን ለጎን በሚገናኝበት ቦታ ስንጥቅ ትቶ እንደሆነ እዩ፤ ትንሽ ስንጥቅ የአሠራሩ ነው፣ ጣት የሚያሳልፍ ግን ስንፍና ነው። ጠርዙ ቀጥ ያለ መሆኑን በዓይናችሁ ተከተሉ። ወገቡ የቀጠነ ከሆነ ማጉ ከልክ በላይ ተስቧል። ብል ደግሞ የሚበላው ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ነው። ስለዚህ አንጥፉት፣ ተራመዱበት፣ በየጊዜው ፀሐይ ላይ አራግፉት።

ሻይ ስንጠጣ ሸማኔው የአባቱን ነገር አነሣ። አባቱ ሸማኔ በመሆናቸው ይሰደቡ ነበር። «ቁጢት በጣሽ» የሚለው ስድብ እዚህ አገር ያልሰማው ባለ እጅ የለም። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለውት ነበር። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን መስደብ ይቅር ብለው። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ቀጠለ። አሁን እሱ የሠራው ስጋጃ በትልልቅ ቤቶች ሳሎን ይነጠፋል። «ስድቡ ቀርቷል» አለ። «ዋጋው ነው ያልመጣው።»

ማክሰኞ፣ ወደ መንዝ

ጣርማ በር ላይ ከዋናው መንገድ ታጠፍን። ከዚያ ወዲያ አቧራና ደጋ ነው። ሞላሌን አልፈን መሐል ሜዳ ስንደርስ ፀጉራችን በአቧራ ሸብቷል። ያደርነው የአንድ የምናውቃቸው ሰው እናት ቤት ነው። እማማ በራቸው ላይ አጎዛ አንጥፈው፣ እንዝርት እያሾሩ ተቀበሉን። እንግዳ መጣ ብለው እንዝርቱን አላስቀመጡትም። በአንድ እጃቸው ሰላም አሉን።

እዚህ መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ነው። የመንዝ በግ ትንሽ ናት፣ ጅራቷ ላት አለው፣ ፀጉሯ ሸካራ ነው። ለሹራብ አይመችም። ለባና ግን ከሱ ወዲያ የለም። ባና ጋቢ መሳይ የሱፍ ልብስ ነው፤ ቀን ይለበሳል፣ ሌሊት ይደረባል። እማማ ያለበሱኝ ባና ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። ክብደቱ ትከሻ ያጎብጣል። ይዋጋል፣ ያሳክካል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን ብርድ የሚባል ነገር ረሳሁ። ወንድሜ በውድ ዋጋ የገዛውን ጃኬት ለብሶ ሲንቀጠቀጥ አየሁና ጫፉን አካፈልኩት።

የተኛነው በጠፍር አልጋ ላይ ነው። ስለ ጠፍር አልጋ እስከዛሬ የማውቀው ስሙን ነበር። ወንድሜ በባትሪ ሆዱን እያበራ አሳየኝ። ያልተለፋ የበሬ ቆዳ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ከዚያ ከዳር እየዞሩ በረዥሙ ይቆርጡታል፤ አንዱ ቆዳ ሳይቋረጥ ብዙ ክንድ የሚረዝም ጠፍር ይወጣዋል። በእርጥቡ በአልጋው እንጨት ቀዳዳዎች ውስጥ እያሳለፉ፣ ላይና ታች እያደረጉ ይጠልፉታል። ሲደርቅ ይኮማተራል፣ እንደ ከበሮ ይወጠራል። እንጨቶቹንም አብሮ ስቦ ያጠብቃቸዋል። ሚስማር አያስፈልግም፣ የሚያጠብቀው ቆዳው ነው።

«ሲላላስ እማማ?» አላቸው።

«አርሰህ መሳብ ነዋ! አንተ አናጺ ነኝ አላልክም?»

ሳቃቸው ቤቱን ሞላው። ወንድሜ ግን መተኛቱን ትቶ የጠፍሩን አጠላለፍ ወረቀት ላይ ሲሥል አመሸ።

ረቡዕ፣ ጓሳ

ከመሐል ሜዳ ጓሳ ቅርብ ነው። ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚመጣ ብዙ ነው። እኛ ሣሩን ነው ያየነው። ጓሳ የሚባለው ሣር ለቤት ክዳን ይሆናል፣ ገመድ ይሆናል፣ ለዝናብ የሚደረብ ገሳ ይሆናል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ በ«ቀሮ» ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፣ ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፣ ሁሉም በየድርሻው ያጭዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የቀሮን ሥርዓት ቢያፈርሰውም፣ ሕዝቡ በሌላ መልክ መልሶ አደራጅቶ ይጠብቀዋል። ጭላዳዎቹ ሣሩን እየነጩ ቁልቁል ሲያዩን ነፋሱ አላስቆመንም፣ ቶሎ ተመለስን።

ማታ እማማ ባናውን ልሸጥልሽ አላሉም፣ እኔም አልጠየቅሁም። እንዲህ ያለ ዕቃ ከቤት የሚወጣው ችግር ሲገባ ነው፤ ባይገባ ይሻላል። ይልቅ ጎረቤት ያለ ሸማኔ አገናኙኝና አዲስ አዘዝኩ። ፀጉሩን የሚፈትሉት እሳቸው ናቸው፤ የፈትሉን ዋጋ ለብቻ ተነጋገርን። ጠበቅ ያሉ ተከራካሪ ናቸው። ደግ አደረጉ።

ሐሙስ፣ መመለስ

ደብረ ብርሃን ስጋጃዬን ከአደራ ተቀብለን መናኸሪያ ገባን። ረዳቱ ጥቅልሉን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ይሄ የሰው ሂሳብ ይከፈልበታል።»

«ምንጣፍ ነው እኮ፣ ላይ ስቀለው።»

«ላይ ሞልቷል። ውስጥ ከገባ ወንበር ይዟል፤ ወንበር የያዘ ይከፍላል።»

ወንድሜ ጉዞውን ሁሉ ያልተናደደውን እዚህ ተናደደ። አንድ በግ ተሸልቶ፣ ተነድፎ፣ ተፈትሎ፣ ተቀጥቅጦ እንዴት ስጋጃ እንደሚሆን ለረዳቱ ያስረዳው ጀመር። ረዳቱ በትዕግሥት አዳመጠውና «እንደዚያ ከሆነማ በጉም ይከፍል ነበር» አለ። በግማሽ ሂሳብ ተስማማን። እስከ ላምበረት ድረስ ስጋጃው በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ፣ ወንድሜ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ተጓዘ።